ደወሌን ለቅዳሜ

ሰላም ለአዳማ አባሎቻችን፣

የዚህ ወር ጨዋታችን ደወሌ ነው፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው የባቡር ጣቢያ። «ከአዳማ ጋር ምን አገናኘው?» ላላችሁ፣ ያው ከጅቡቲ ተነስቶ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው ሐዲድ ነዋ! (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ግን ወጪ አበዛና ሐዲዱ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ሰበብ ነው። ባቡሩ እዚያ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታቱም ተሻኮቱ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ በ1913 ስላረፉ ይህን አላዩም። ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል።

ደወሌን ልዩ የሚያደርጋት ድንበሩ ነው። ጅቡቲ እስከ 1977 በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ስለዚህ ከደወሌ ወዲያ የሚጀምረው ቅኝ ግዛት ነበር። ሐዲዱ ግን አንድ ነበር፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር።

በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አሮጌው ባቡር በአዲሱ ላይ አይሄድም። ድንበሩን የሚሻገረው ግን ያው በደወሌ በኩል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኝ። ቤታችሁ የድሮ ትኬት ወይም ፎቶ ካለ ይዛችሁ ኑ። አባቶቻችሁ ባቡር ላይ የሠሩ ካላችሁ ደግሞ እነሱን ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው በኛ ነው።