የእህቴ ልጅ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብዙ ጊዜ ጠፋሁብሽ። የቤታችን ነገር ሲለይለት እጽፋለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። አሁንም አልለየለትም፤ ግን ከአንቺ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ሞላው። እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ሲመረመር አድሬኖሉኮዲስትሮፊ የሚባል በሽታ ተገኘበት። አሜሪካ ይህን ምርመራ ለአራስ ሕፃናት ከሚመከሩት ተርታ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መነሻው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጂን መበላሸት ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ወረሰው ማለት ነው። አንዳንድ ረጃጅም የስብ አሲዶችን ሰውነቱ መሰባበር ያቅተዋል፤ እነሱም አንጎልና ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ውስጥ ይጠራቀማሉ።

እማዬ ደብረ ብርሃን ሳለን ስለ ታናሽ ወንድሟ ስታወራ ትሰሚ ነበር አይደል? ጎበዝ ተማሪ ነበር። በኋላ ትምህርቱ ጠፋበት፣ ዓይኑ ደከመ፣ እግሩ አልታዘዝ አለው፣ አልጋ ላይ ቀረ። ዓይነ ጥላ ነው ተባለ፤ ከጸበል ጸበል ይዘውት ዞሩ። አያቴ እስክትሞት ድረስ "ምን በድዬ ነው?" እያለች ኖረች። ሐኪሙ ይህን ታሪክ ሲሰማ ያም ልጅ ይኸው በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም አለን። አያቴ ይህን ሳትሰማ ማለፏ ያንገበግበኛል።

ግን ስሚኝ፣ ጂኑ የተበላሸበት ልጅ ሁሉ አንጎሉ አይታመምም። በልጅነት እንዲህ የሚሆኑት ከሦስት አንዱ ገደማ ናቸው፣ አብዛኞቹም ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ። ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም በልጅነቱ ሲታመም፣ ሌላው ጎልማሳ እስኪሆን ምንም ሳይሰማው ቆይቶ እግሩን ሊይዘው ይችላል። አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ እጣቸው የተለያየበት ጊዜ አለ። ጥፋቱን የሚያፋጥነው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ አንጎል ይገባሉ። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎሉ የራሱ የመከላከያ ሴሎችም ይታወካሉ። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ ነርቭን የሸፈነው ማይሊን ይፈርሳል። ምን እንደሚቀሰቅሰው ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። አንዴ ከተነሳ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ተስፋውም ያለው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የፈረንሳይ ሐኪሞች በሽታው ገና ሲጀምረው የመቅኔ (በአጥንት ውስጥ ያለው ደም የሚሠራው ክፍል) ንቅለ ተከላ የተደረገለት ልጅ እንደተሻለው ጻፉ። ከለጋሹ የመጡት ሴሎች አንጎል ድረስ ዘልቀው ይገባሉ፤ አንጎሉን የሚያጠፋው ብግነትም ቀስ በቀስ ይበርዳል። በቀረው ሰውነቱ ጂኑ እንደተበላሸ ነው፣ አንጎሉ ግን ይተርፋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ሆኖም በጊዜ ካልተደረሰበት ዋጋ የለውም፣ የፈረሰው አይመለስምና። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ኤምአርአይ የሚባል የአንጎል ምስል ይነሳል። የመጨረሻው ንጹሕ ነበር፣ ተመስገን! የልጁን የራሱን ሴል አስተካክሎ የሚመልስ የጂን ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ አሜሪካ ተፈቅዷል። ነገር ግን አንዳንድ ልጆች ላይ የደም ካንሰር ስላመጣ፣ የሚስማማ ለጋሽ ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው። ልጁ ወንድም እህት የለውም። እዚህ አገር ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ለጋሽ ከለጋሾች መዝገብ የማግኘት ዕድል ለነጮች 79 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለጥቁሮች 29 ከመቶ ገደማ ነው። የእኛ ሰው አልተመዘገበማ! የሚስማማው በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከራስ ወገን ነው። ሁለቱ ትልልቅ ልጆችሽ 18 አልፈዋል። ለመመዝገብ የጉንጭን ውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ይበቃል። ለጋሽ ሆነው ቢመረጡም አብዛኛውን ጊዜ ሴሎቹ የሚወሰዱት ከክንድ ደም ነው። እባክሽ አነጋግሪያቸው። ሚኒያፖሊስ ባለው ቤተ ክርስቲያናችሁ ለወጣቶቹ እንዲነገርም አባን ጠይቂልኝ። ለእኛ ልጅ ባይሆን ለሌላ ልጅ ይደርሳል።

የሚቀጥለው ኤምአርአይ ከፋሲካ በኋላ ነው። በጸሎትሽ አስቢን። እሁድ ማታ ቤት ነኝ፣ ደውዪልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ