ከማራቶኑ በፊት ያሉትን ቀናትም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የስፖርት ገጻችሁን ፒያሳ ቡና ላይ እየተቀባበልን ነው የምናነበው። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። የበርሊን ወይም የለንደን ማራቶን ሲቃረብ የምትጽፉት «ማን ያሸንፋል?» ብቻ ነው።

እዚህ ጎንደር ብዙ ሰው ውድድር ሲደርስ ልምምድ የሚጨመር ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው እኮ! ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀር ርቀቱ እየተቀነሰ ይመጣል፣ ፈጣን ሩጫው ግን ጨርሶ አይቆምም፤ እግር ይረፍ እንጂ እንዲተኛ አይፈለግም። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሩዝ፣ ፓስታና ዳቦ ይበዛል፣ ጡንቻው ለ42.195 ኪሎ ሜትር ስንቁን እንዲይዝ። አዲስ ምግብም አዲስ ጫማም መሞከር የለም። የሚጠጡትንም አትሌቶቹ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ኮዳው ላይ ምልክት አድርገው ለአዘጋጆቹ ያስረክባሉ፤ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃቸዋል።

ታምራት ቶላን አስቡት። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ፣ ውድድሩ ሊደርስ ሲል ተጠራና በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። መሮጡን ሳያውቅ እንደሚሮጥ ሰው መዘጋጀት! እኔ በበኩሌ ከወርቁ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ልጆችም አሏት። እነሱ ይህን ከየት ይማሩ? አሠልጣኞችን ጠይቃችሁ ጻፉልን። አትሌቶቹን ግን በዋዜማው እየደወላችሁ አታስጨንቋቸው፣ ይተኙበት። ደግሞ የውድድሩን መነሻ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አውጡልን፤ ሁሌ ቴሌቪዥን ስንከፍት ግማሹ አልቆ ነው የምንደርሰው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር