ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት፦ ስለ ጨው ውሃ ምርመራ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞልን መጣ። «ቤት ስለካው ናይትሬቱ ዜሮ ነው። መስታወቱ ግን ባጸዳሁት በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ይለብሳል» አለን። ናይትሬት ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣና አልጌን የሚመግብ ነገር ነው። እኛ ስንለካው በሊትር ከ40 ሚሊግራም በላይ ሆነ። የእሱም የእኛም ኪት (የመመርመሪያ ዕቃ) አንድ ዓይነት ነው። ችግሩ የኪቱ ሁለተኛዋ ጠርሙስ ላይ ነበር፤ አልናጣትም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ላይ ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ የሚያወራችሁ ሰው ሞልቷል። ስለ ክላውንፊሽና ስለ ኮራል የሚያማክር ጎረቤት ግን አይገኝም። ጣናም ጨው የለውም። ባሕሩን በባልዲ የምንሠራው እኛው ነን፤ እንዴት እንደወጣ የሚነግረን ደግሞ መለኪያው ብቻ ነው። እሱ ከተሳሳተ ጤነኛ ውሃ ላይ ኬሚካል እንጨምራለን፣ የታመመውን ደግሞ ደህና ነው ብለን እንተወዋለን።

ወደ ናይትሬቱ እንመለስ። በብዙዎቹ ባለሁለት ጠርሙስ ኪቶች ሁለተኛዋ ውስጥ ደቃቅ የዚንክ ዱቄት አለ። ዚንኩ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ቀለም የሚያወጣው ናይትራይቱ ነው። ጠርሙሷ መደርደሪያ ላይ ስትቆም ዱቄቱ ይዘቅጣል። ካልናጣችኋት ቀለም የለም፣ እናንተም ዜሮ ታነባላችሁ። ስለዚህ እርጎ እንደሚናጥ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ናጧት። አዲስ አኳሪየም ላይ ናይትራይቱ ገና ሳይወርድ ናይትሬት ከለካችሁም ቁጥሩ ተጋንኖ ይወጣል። ያኔ አትደንግጡ፣ ናይትራይቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

አሁን ዋናው፣ ጨዋማነት። እዚህ ላይ ስህተቱ የእኛም ስለነበር በግልጽ እንናገራለን። የሱቃችንን ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) የምናስተካክልበት የ35 መለኪያ ፈሳሽ (በሺህ 35 ክፍል፣ የባሕር ውሃ ልክ) ክዳኑ ላልቶ በሙቀቱ ወራት ከርሟል። ውሃው ተነነ፣ ጨው ግን አይተንም፣ ፈሳሹ ከ35 በላይ ሆነ። እኛ 35 ነው ብለን መሣሪያውን በእሱ አስተካከልን። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሁሉንም ውሃ ዝቅ አድርጎ አነበበ፣ እኛም «አነሰ» እያልን ጨው ጨመርን። ስህተቱን የተረዳነው ሁለት ኮራሎች ከተሸበሸቡ በኋላ ነው። አሁን ጠርሙሱን አጥብቀን እንዘጋለን፣ የከፈትንበትን ቀን እንጽፍበታለን፣ የቆየውን እንጥላለን።

ብዙ ሰው ሪፍራክቶሜትሩን በዲስቲልድ (በእንፋሎት በተጣራ) ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ ያስተካክላል። ይህ አይበቃም። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ የተሠሩት ለተራ ጨው ውሃ ነው እንጂ ለባሕር ውሃ አይደለም። ዜሮ ላይ ልክ የሆነው መሣሪያ እውነተኛውን የ35 ውሃ 36.5 ገደማ አድርጎ ያሳያል። መፍትሔው በ35 ፈሳሽ ማስተካከል ነው። ፈሳሹ ከሌላችሁ 36.5 ግራም ንጹህና ደረቅ ሶዲየም ክሎራይድ በ963.5 ግራም ዲስቲልድ ውሃ አሟሙታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ሪፍራክቶሜትሩ ላይ ልክ እንደ 35 የባሕር ውሃ ይነበባል። በኤሌክትሪክ ለሚለካ ሜትር ግን አይሆንም። ከገበያ የምትገዙት ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ሚዛኑን ያሳስታችኋል፤ የታሸገ ዲስቲልድ ውሃ እንጂ የመጠጥ ውሃም አትጠቀሙ። ጠብታውን መስታወቱ ላይ ካደረጋችሁ በኋላ 30 ሰከንድ ያህል ታገሱ። የውሃውና የመሣሪያው ሙቀት መቀራረብ አለበት።

የምትጠቀሙት ሃይድሮሜትር (ጨዋማነትን በሚንሳፈፍ ክንድ የሚያሳይ መሣሪያ) ከሆነ ክንዱ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ከፍ ታደርገዋለች። መታ መታ አድርጋችሁ አራግፏት፣ በየጊዜውም የደረቀውን ጨው እጠቡለት።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ውሃው ከአኳሪየሙ በየቀኑ ይቀንሳል፣ ጨዋማነቱ ይጨምራል። የጎደለውን ክሎሪን በሌለው ንጹህ ውሃ ሙሉት፣ በጨው ውሃ አይደለም። የምትለኩትም ከሞላችሁና በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ይሁን። ከፍታችን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጨዋማነቱን አይነካም። የኦክስጅን ሜትር ያላችሁ ግን ከፍታውን አስገቡለት፣ አለበለዚያ ያሳስታችኋል።

ስለ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ብዙ ሰው ይጨነቃል። አንዱ ጠዋት 7.9፣ ማታ 8.3 አይቶ ኪቱ ተበላሸ ብሎ ደወለልን። አልተበላሸም። ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ፒኤች ይወርዳል። ቀን መብራቱ ሲበራ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጠቀምበታል፣ ፒኤቹም ይወጣል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኩ። ሌላም አለ። ቤት ተዘግቶ ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ፣ ሰውም ሲሰበሰብ፣ የክፍሉ አየር ይከብዳል፣ የአኳሪየሙም ፒኤች አብሮ ዝቅ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ የአኳሪየም ውሃ ደጅ አውጡና በትንሽ የአየር ፓምፕ አንድ ሰዓት አየር ንፉበት፣ ከዚያ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው፣ ኬሚካል አይደለም።

አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹ እንዳይወርድ የመቋቋም አቅም) ስትለኩ ጠብታውን ቁጠሩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላም ቱቦውን አወዛውዙ። አንድ ጠብታ አንድ ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) በሆነበት ኪት የውሃውን መጠን እጥፍ ብታደርጉ እያንዳንዱ ጠብታ ግማሽ ይሆናል፣ ንባቡም ይጠራል። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ያዘነበለ ጠርሙስ የሚያወጣው ጠብታ መጠኑ እኩል አይሆንም።

ቀለም በሰማያዊው የአኳሪየም መብራት ስር አታወዳድሩ። ነጭ ወረቀት ይዛችሁ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አንብቡ። ቱቦውን ከመለካታችሁ በፊት በዚያው ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ ስትጨርሱ በዲስቲልድ ውሃ። ጊዜው ያለፈበት ኪት ደግሞ ምንም ብታደርጉት አይታመንም።

ከተለመደው የራቀ ቁጥር ካያችሁ ምንም ሳትጨምሩ ድገሙት። አሁንም ካልተማመናችሁ ወደ ሱቃችን ኑ፣ ለምርመራው አናስከፍልም። ውሃውን በታጠበ ጠርሙስ፣ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ በቀዳችሁበት ቀን አምጡ። ሪፍራክቶሜትራችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ከእኛው ጎን አስቀምጠን እናስተያያቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓሣና የአኳሪየም ሱቃችሁ፣ ባሕር ዳር