ልጄ ሆይ፣ እንደ በሬ ሥጋ አትጥበሺው

ልጄ ሆይ፣ እንደምን አለሽልኝ? ትንሿስ ደህና ናት? ጉንፋኑ ለቀቃት?

መልእክትሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ጓደኛችሁ በፈቃድ ካደነው አጋዘን አንድ ወርችና አንድ ሽንጥ አምጥቶላችኋል፣ አንቺ ደግሞ «እንደ በሬ ሥጋ ልጥበሰው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ልነግርሽ አሰብኩና ተውኩት። በስልክ የተባለ ነገር ምድጃ ፊት ሲቆሙ ይጠፋል፤ ወረቀት ግን ከጎንሽ ይቀመጣል።

እንደ በሬ ሥጋ አትጥበሺው። የበሬ ሥጋ በጡንቻው መሀል ስብ አለበት፤ እሳቱ ስቡን ሲያቀልጠው ሥጋውን ያረጥበዋል፣ ትንሽ ብትዘናጊም ብዙ አይጎዳም። አጋዘን ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ የኖረ እንስሳ ነው። ከ100 ግራም ሥጋው ውስጥ ስቡ ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ነው። እሳት ከበዛበት የሚያድነው ነገር የለውም፤ ውሃው ይወጣል፣ ሥጋው ይደርቃል። ስለዚህ ቅቤውን ወይም ዘይቱን የምትጨምሪለት አንቺ ነሽ።

ሽንጡን ጠረጴዛ ላይ ስታሳርፊው ላዩ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ታያለሽ። እሱን ሳታወጪ እሳት እንዳታስነኪው። ቶሎ በሚጠበስ ሥጋ ላይ ይህ ሽፋን አይለሰልስም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተርና ሥጋውን ያጣምመዋል። የቢላዋውን ጫፍ በአንደኛው ዳር ከሥሩ አስገቢ። የተላቀቀውን ጫፍ በጣቶችሽ ይዘሽ ወጥሪው፤ ስለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋኑ አዘንብለሽ ቀስ እያልሽ ግፊ። ከተካንሽበት እንደ ጥብጣብ እየተላጠ ይመጣል፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ ሥጋ ይገለጣል። ነጭ ስብ ካገኘሽም አውጪው። ሰዎች «የዱር ሥጋ ይሸታል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ስቡን ነው፤ የአጋዘን ስብ በረድ ሲል ላንቃ ላይ ይጋገራል።

ቀሪው ጠረን ከአያያዝ ነው። ሆድ ዕቃው ሲወጣ አንጀቱ ተበስቶ እንደሆነ፣ ወይም እንስሳው ከወደቀ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ እንደሆነ ሥጋው ይናገራል። ብዙ ተባርሮ ደክሞ የሞተ እንስሳም ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ በጡንቻው የተከማቸው ስኳር በሩጫው ስለሚያልቅ ከሞተ በኋላ ሥጋው የሚገባውን ያህል አሲድ አያበጅም። ጓደኛችሁን ሳታፍሪ ጠይቂው፦ እንስሳው ወዲያው ወደቀ? በስንት ሰዓት ውስጥ በረዶ ቤት ገባ? ጤነኛ ይመስል ነበር? ጥሩ አዳኝ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ወርቹን እንደ ሽንጡ አትይው። የሰውነቱን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ሥጋ ነው፤ ጅማት የበዛበት። አጥንቱን ሳታወጪ በጋለ ድስት ሁሉንም ጎኑን አቅይው፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሪ፣ ውሃው እስከ ግማሹ ይድረስ፣ ክደኚው። እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ፈሳሹ አልፎ አልፎ ቡልቅ ይበል እንጂ አይንተክተክ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሹካ ትነኪውና ድንጋይ ይመስልሻል፤ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ወደ ለስላሳው ጄላቲን የሚለወጠው በሰዓታት ነው። ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴም አራተኛው ላይ፣ ሹካው ሳይታገል ይገባል፤ መረቁም ወፈር ይላል፣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ሌሊቱን በሆምጣጤ መዘፍዘፍ የሚሉትን እኔ አልወደውም። አሲዱ ላዩን ያሻክረዋል እንጂ ውስጡ አይደርስም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቄራ የታረደውን ከብት በቁሙም ከታረደ በኋላም የሚያየው የእንስሳት ሐኪም አለ። የዱር ሥጋ ግን ከጫካ ወደ ወጥ ቤትሽ ሲመጣ ማንም አላየውም። ያየው አዳኙ ነው፣ ቀጥሎ አንቺ ነሽ።

በ2022 በአሜሪካ የአንድ ቤተሰብ አባላት ተሰብስበው የድብ ሥጋ ከአትክልት ጋር ጠብሰው በሉ። ሥጋው 45 ቀን በረዶ ቤት የቆየ ነበር። ጠቆር ያለ ስለሆነ መብሰል አለመብሰሉን በዓይን መለየት አልቻሉም፤ ጥሬ መሆኑን ያወቁት መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው። 6 ሰዎች ትሪኪኔላ በሚባል ጥቃቅን ትል ታመሙ፤ ከእነሱ 2ቱ አትክልቱን እንጂ ሥጋውን አልቀመሱም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «አቀዝቅዤዋለሁ እኮ» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። በድብ ውስጥ ያለው የትሉ ዝርያ በረዶ አይገድለውም፤ ማጨስም፣ ጨው ማሸትም፣ ማድረቅም አያስተማምንም። የዱር አሳማም እንደዚሁ ነው፤ ሲቆርጡበት የነበረውን ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ አታውዪ።

አጋዘን ትሉ እምብዛም የለበትም፤ ያም ሆኖ አንቺ ሕፃን ልጅ ይዘሻል። የውስጡ ሙቀት 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ይድረስ። የወፍ ሥጋ ከሆነ 74። ሽንጡን መሀሉ ሮዝ እንደሆነ የሚያወጡ የታወቁ ምግብ አብሳዮች አሉ፣ ሥጋው ያኔ ይበልጥ እንደሚለሰልስም አውቃለሁ። ለትንሿ ግን እንዲያ አታድርጊ። ቅቤ እያፈሰሽበት 71 ሲገባ ወዲያው አውጪው፤ ከዚያ በላይ አታቆዪው፣ ጥቂት አሳርፈሽ ስስ አድርገሽ የሥጋውን ክሮች አግድም ቁረጪው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ቤት። አምስት ዓመትሽ ሳለ ቆቅ ሠርቼ ስትበዪ ጥርስሽ መሀል «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። አፍሽን አስከፍቼ በጣቴ ያወጣሁት ከሰናፍጭ ፍሬ ከፍ የሚል ግራጫ እንክብል ነበር። በጥፍሬ ስጫነው ምልክት ያዘ፤ እርሳስ ነው፣ የጥይቱ። የቀደሙትን ጉርሻዎች ስንቱን እንደዋጥሽ አላውቅም ነበርና ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእርሳስ ጥይት አጋዘን ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ደቃቁ ከቁስሉ ርቆ ይበተናል፣ ዓይን አያየውም፣ ጥርስም አይሰማውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ጓደኛችሁ በምን ጥይት እንደመታው ጠይቂው። በመዳብ ከሆነ እሰየው። በእርሳስ ከሆነና ጥይቱ ያረፈው ወርቹ ላይ ከሆነ፣ ይቅርብሽ ልጄ፣ ለትንሿ ከወርቹ አታቅምሻት። እንዲህ ያለ ሥጋ አስፈጭቶ መብላትም ደግ አይደለም፤ ደቃቁን ሁሉ አንድ ላይ ያደባልቀዋል።

ጥንቸል ካመጡላችሁ ጓንት ሳታጠልቂ አትግፈፊ፤ ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ በእጅ ጭረት ይገባል። ሞቶ የተገኘ እንስሳ ከሆነ የማንም ስጦታ ቢሆን አትቀበዪ።

ከደብዳቤው ጋር ቴርሞሜትሬን ልኬልሻለሁ፤ መርፌው ቀጭን ነው፣ ሥጋውን አይበሳሳም። አጥንት ሳታስነኪ በወፍራሙ ቦታ መሀል ድረስ አስገቢው። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ሊሆን ስለሚችል ግን አስቀድመሽ ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምረሽ ንከሪውና ዜሮ ማንበቡን እዪ።

እናትሽ