ዊልቸሩ ከመታደሉ በፊት የመጸዳጃ ቤቱ በር ይለካ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ የዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች ቀን ምክንያት በማድረግ ዊልቸር ሲታደል የሚያሳዩ ዜናዎች ታወጣላችሁ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን በብረት ብየዳ የምተዳደር ሰው ነኝና ዊልቸሩ ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነውን አያለሁ። የአዋቂ ዊልቸር ወርዱ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የብዙ ኮንዶሚኒየም መጸዳጃ ቤት በር ደግሞ መቃኑ ሲቀነስ ከዚያ ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ወንበሩ ሳሎን ይቀራል። አባት በልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው ይገባሉ፤ ልጆቹ ሥራ የዋሉ ዕለት ግን ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ይህን ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቤት ፈርሶ ካልተሠራ መፍትሔ የሌለ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያዝ ብረት ነው። ሰው ሳሎን ቢንገዳገድ ሶፋ ይደርስለታል፤ እዚያ ግን እጁ የሚያገኘው የፎጣ መስቀያውን ነው፣ እሱም የሰው ክብደት አይችልም። ከመቀመጫው ጎን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ፣ ጣት እንዲያስገባ ከግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቢታሰር ይበቃል።

ቁም ነገሩ አስተሳሰሩ ላይ ነው። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ አጭር ብሎን አይዝም። ሳሪስ አካባቢ ስትሮክ የመታቸው እናት ቤት ተጠርቼ ስሄድ፣ ቀደም ሲል በፕላስቲክ ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚያቅፍ መሰኪያ) ብቻ የተሰካው መያዣ ከነሴራሚኩ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀርቶ ነበር። ልጃቸው ከኋላ ባትይዛቸው ዳሌያቸው ይሰበር ነበር። ግድግዳውን በስተን ብሎኑን በማዶ በኩል በወፍራም ላሜራ አሰርነው። መጀመሪያ እኔ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ተንጠለጠልኩበት፣ ከዚያ እሳቸው ያዙት።

በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት ማጠፊያው ይዛወር። ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን በሰውነቱ ከዘጋው የሚያነሳው ሰው መግባት አይችልም። መሬት ላይ ቁጢጥ ተብሎ በሚቀመጥበት ሽንት ቤት ደግሞ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ከ45 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቁመት ያለው የብረት ወንበር በአንድ ቀን ተበይዶ ያድራል።

ለደጃፉ መወጣጫ ሲሠራ በብዛት የማየው ስህተት ማሳጠር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደፍ መወጣጫው 1 ሜትር ከ20 ሊረዝም ይገባል፤ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ቀጥ ሲል ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ቡና ሲፈላም ቄጤማው ከረከቦቱ ሥር ይጎዝጎዝ እንጂ ከዘራ የያዘ ሰው በሚያልፍበት አይበተን፣ እርጥቡ ሣር ያንሸራትታል።

ተከራዮች ያለባቸው ችግር ሌላ ነው። ግድግዳ እንዳይበሳ የሚከለክሉ አከራዮች አሉ፤ ንብረታቸው ነውና ስጋታቸው ይገባኛል። ቤቱ ሲለቀቅ ቀዳዳው ተደፍኖ ሴራሚኩ እንዲተካ በውሉ ላይ ቢጻፍ ግን ምን ይጎዳሉ? እሺ ካላሉም በመቀመጫው ዙሪያ የሚቆም፣ አራት እግርና ሁለት የእጅ መደገፊያ ያለው ፍሬም ያለ አንዳች ቀዳዳ ይሠራል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። አሳንሰር በሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ ላይ ግን የእጅ መደገፊያው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ግራ ጎኑ የሰነፈበት ሰው በቀኝ እጁ ይዞ የወጣውን ደረጃ ሲወርድ መደገፊያው በማይሠራው እጁ በኩል ይሆንበታል። በግድግዳው በኩል ሁለተኛ ቱቦ መዘርጋት ለአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ሲካፈል ከባድ ወጪ አይደለም። ጋዜጣችሁ ይህን ጉዳይ ለጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት ኮሚቴዎች እንዲያነሳላቸው፣ እነሱም በሚቀጥለው ስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው እንዲይዙት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የብረት በርና መስኮት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ