ለደንበኞቻችን፦ ከስክሪኑ በፊት የሥራ ቀናችሁን ንገሩን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራ እንዴት ይዟችኋል?

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየመጣልን ነው። «ሌላ ቦታ ሲስተም ስናሠራ የምንፈልገውን ሁሉ በአንድ ወፍራም ሰነድ ጽፈን፣ ፈርመን ነበር የምንጀምረው። እናንተ ለምንድን ነው በየሁለት ሳምንቱ ካላገኘናችሁ የምትሉን? ለምንስ ነው ሱቃችን መጥታችሁ የምትቀመጡት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም የእናንተ ነው። ስለዚህ አሠራራችንን ከሥሩ እናስረዳችሁ።

የሶፍትዌር ሥራ ሲነሣ ከባዱ ነገር ኮድ (ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ) መጻፍ ይመስላል። አይደለም። ፍሬድ ብሩክስ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ በፈረንጆቹ 1986 እንደጻፈው፣ ከሁሉም የሚከብደው ምን መሠራት እንዳለበት በትክክል መወሰን ነው። እዚያ ላይ የተበላሸን ነገር ያህል ኋላ ለማቃናት የሚያስቸግር የለም። እኛም ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን በየቀኑ የምናየው ይህንኑ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እናስብ። ባለቤቱ «የክፍል መያዣ ሲስተም እፈልጋለሁ» ይላሉ። እኛም እሺ እንላለን። የተግባባን ይመስለናል። አሁን አንድ እንግዳ ይምጣ። መንገድ ላይ መሽቶበት የደረሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቀኑ ስንት ነው? ሪሴፕሽን ላይ ላለችው ልጅ ገና 15 ነው፤ አልነጋማ። ለኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ 16 ሆኗል። እንግዳው ይተኛል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቁልፉን ይመልሳል። ሲስተሙ የወጣበትን ቀን ይወስድና የገባበትን ቀን ይቀንሳል። ከ16 ላይ 16። ዜሮ አዳር፣ ዜሮ ሂሳብ።

እንዲህ ያለው ነገር ወፍራሙ ሰነድ ላይ አይገኝም። ለባለቤቱ በጣም ግልጽ ስለሆነ መናገሩ ትዝ አይላቸውም። ለፕሮግራመሩ ደግሞ ጭራሽ አይመጣለትም። መቶ ገጽ ተጽፎ፣ በየገጹ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ሳለ ያቺ የሌሊት 8 ሰዓት እንግዳ አንድም ቦታ ላትኖር ትችላለች። የምትገኘው አንድ ሰው «እስቲ በሌሊት የመጣ እንግዳ ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ሪሴፕሽኒስቷን ሲጠይቅ ነው። የእኛ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ለዚህ ነው ባለቤቱን ብቻ አነጋግረን የማንመለሰው።

ሁሉን ነገር አስቀድሞ ጽፎ የመጨረስ ልማድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ በፈረንጆቹ 1970 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ላይ ሥራው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ መጀመሪያ ፍላጎት፣ ከዚያ ትንተና፣ ዲዛይን፣ ኮድ፣ ሙከራ። ኋላ ላይ «ዋተርፎል» (ፏፏቴ) የሚል ስም ወጣለት። የሚያሳዝነው፣ ሮይስ ራሱ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አካሄዱ እንዳለ ከተወሰደ አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። ሙከራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነውና ችግሩ የሚታየው ጊዜውና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ሥዕሉን ይዞ ማስጠንቀቂያውን ተወው።

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2001 ዓ.ም. 17 የሙያው ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ ተሰብስበው «አጃይል» (ቀልጣፋ) የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ አወጡ። ከሰፊ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር፣ በውል ላይ ከመከራከር ይልቅ ከደንበኛ ጋር አብሮ ለመሥራት የበለጠ ቦታ እንሰጣለን አሉ። ሰነድና ውል ግን ዋጋ እንዳላቸው እዚያው ላይ ጽፈዋል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። «አጃይል» የሚለውን ቃል ምንም ሳይጽፉ በወሬ ብቻ ለመሥራት ሰበብ የሚያደርጉት አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። እኛ እንጽፋለን። ልዩነቱ የምንጽፈው ነገር ላይ ነው።

የሥራችን ቅርጽ ስክረም ከሚባለው የአጃይል ማዕቀፍ የተወሰደ ነው። ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ያዘጋጁት ነው። ሥራው ስፕሪንት በሚባሉ አጫጭር ዙሮች ይከፈላል። አንድ ዙር ከአንድ ወር መብለጥ የለበትም። እኛ ሁለት ሳምንት አድርገነዋል። ሁለት ሳምንት በእጃችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር ለመሥራት ይበቃል። መንገድ ብንስት ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እንመለሳለን።

እሺ፣ ሱቃችሁ መጥተን ምን እንሠራለን? ቁጭ ብለን እናያለን። በተለይ ወረቀቶቻችሁን። የእህል ነጋዴ የዱቤ ደብተር ላይ ስምና ብር በመስመሩ ተጽፏል። እሱን ማንም ያየዋል። እኛ የምንፈልገው ዳር ላይ በእርሳስ የተደረገችውን ምልክት ነው። አንዱ ስም ጎን ክብ አለ። «ይቺ ምንድን ናት?» እንላለን። «እሱ አዝመራ ሲገባ ነው የሚከፍለው፤ እስከዚያ አይጠየቅም» ይባላል። ይኸው። ሲስተሙ ይህን ሳያውቅ ቢቀር ለዚያ የረጅም ጊዜ ደንበኛ በየሳምንቱ «ዕዳዎን ይክፈሉ» የሚል መልእክት ሲልክ ይከርማል። በዓመታት የተገነባ መተማመን በእንደዚህ ዓይነት ነገር ሲሻክር ማየት አንፈልግም።

ከዚያ እያንዳንዱን ፍላጎት በትንሽ ካርድ ላይ እንጽፋለን። ማን ነው የፈለገው፣ ምን ፈለገ፣ ለምን። ከእነዚያ 17 ሰዎች አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ በፈረንጆቹ 2001 እንዳስቀመጠው የዚህ ዓይነቱ ሥራ ሦስት ነገር አለው፦ ካርዱ፣ ጭውውቱ፣ ማረጋገጫው። ካርዱ ለጭውውቱ ማስታወሻ ነው እንጂ ጭውውቱን አይተካም። እኛ ሙጭጭ የምንለው «ለምን» የምትለዋ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለቤት «የክምችት ሪፖርት ይውጣልኝ» ቢሉን፣ ለምን ብለን እንጠይቃለን። መልሱ «ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን መድኃኒት ቀድሜ እንድሸጥ» ከሆነ፣ የሚያስፈልጋቸው ሪፖርት አይደለም። ጠዋት ሲከፍቱ «እነዚህ በሦስት ወር ውስጥ ያልፍባቸዋል» የሚል አጭር ዝርዝር ነው። ሥራው ያንሳል፣ ጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ለምን ለምን ስንል እንደ መርማሪ አትዩን።

ማረጋገጫው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ የምታዩት እዚህ ጋ ነው። አንድን ካርድ ኮድ ከማድረጋችን በፊት ከእውነተኛ ሥራ የተወሰደ፣ ቁጥር ያለው ምሳሌ አብረን እንጽፋለን። ዳን ኖርዝ የሚባል ባለሙያ በ2000ዎቹ ያስፋፋው አጻጻፍ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ወደ ዘጌ ለሚሄድ ጀልባ ትኬት ብንወስድ፦

ይህ ባለበት፦ ጀልባው 20 ሰው ይይዛል፣ 18 ትኬት ተሽጧል።
ይህ ሲሆን፦ ሦስት ሰዎች አብረው መጥተው ትኬት ሲጠይቁ፤
ይህ ይሁን፦ ሲስተሙ ሁለት ቦታ ብቻ መቅረቱን ለትኬት ሻጩ ይንገር፤ ሦስተኛውን አይሽጥ።

ቀላል ነው አይደል? ግን ይህን ለጀልባው ባለቤት ስናነብ ወዲያው ነገር ይወጣል። «ሦስተኛዋ ሕፃን ብትሆንስ? እናቷ ታቅፋት የለ?» ይላሉ። ካፒቴኑ ደግሞ ከጎን ሆኖ «ሕፃንም የሕይወት አድን ጃኬት ያስፈልጋታል፤ ትቆጠር» ይላል። ይከራከራሉ። ይከራከሩ! ያ ክርክር ጣና ላይ ሰው ተጭኖ ከሚነሣ አሁን ጠረጴዛ ላይ ቢነሣ ይሻላል። ውሳኔው ሕፃንም ትቆጠር የሚል ከሆነ ሌላ ሦስት መስመር እንጨምራለን። እነዚህ መስመሮች በኋላ የሙከራ ፕሮግራም ይሆናሉ። ሲስተሙ በተነካካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ አንድ በአንድ ይፈትሻቸዋል። ዛሬ የተስማማንበት ነገር ከስድስት ወር በኋላ ሳይታወቅ ቢሰበር ወዲያው እናውቃለን። የምትፈርሙትም እዚህ ላይ ነው። አንብባችሁ የምትረዱትን ነገር ትፈርማላችሁ።

ሁሉም ካርድ እኩል አይደለም። ቅደም ተከተሉን ለመለየት የምንጠቀምበት ዘዴ ዳይ ክሌግ የተባለ ባለሙያ በፈረንጆቹ 1994 ኦራክል በሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ያመጣው ነው። ካርዶቹን አራት ቦታ እንከፍላለን፤ የግድ የሚያስፈልግ፣ ሊኖር የሚገባ፣ ቢኖር ጥሩ፣ ለአሁኑ የሚቆይ። «ሁሉም የግድ ነው» እንዳትሉን አደራ። የተለመደው ምክር የግድ የሚባለው ከጠቅላላው የሥራ ጉልበት 60 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ቀሪው ያልታሰበ ነገር ሲመጣ መተንፈሻ ይሆናል።

አንዳንድ ነገሮች ግን ለነገ አይባሉም። አጃይል ነን ብለን ሁሉንም በየዙሩ አናንጠባጥብም። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ላይ የነበረ ሽያጭ ምን ይሆናል? ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ካሸሯ መሸጥ ትችላለች? ደመወዝ የሚያየው ማን ነው? የመጠባበቂያ ቅጂ የት ይቀመጣል? እነዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ይወሰናሉ። ከተገነባ በኋላ ማስገባት ብዙ ያፈርሳል። የዘመን አቆጣጠርም እንደዚሁ ነው። የወር ኪራይ የምትሰበስቡ፣ ጳጉሜን ላይ ምን እናድርግ? ትከፈላለች ወይስ ወደ ነሐሴ ትጠቃለላለች? ደግሞ ሁሌ 5 ቀን አይደለችም፤ 2015 ዓ.ም. ላይ 6 ነበረች፣ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻም 6 ትሆናለች። ውጭ አገር ተሠርቶ የመጣ ሶፍትዌር ይህን አይጠይቃችሁም።

ክሊኒክ ያላችሁ ደግሞ የስም ፍለጋን አደራ። ካርድ ክፍል ጠዋት ያለችው ሠራተኛ «ዓለምፀሐይ» ብላ ትመዘግባለች። ከሰዓት የገባው «አለምጸሃይ» ብሎ ይፈልግና አያገኛትም። አዲስ ካርድ ያወጣላታል። አንዲት ታካሚ ሁለት ካርድ ኖራት ማለት ነው። ባለፈው የማይስማማት መድኃኒት የተጻፈው አንደኛው ላይ፣ ሐኪሙ የያዘው ሌላኛው። ይህ ለእኛ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ጤና ነው። ስለዚህ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ፤ ሰ እና ሠ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ፤ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ እናደርጋለን። ስሙ ግን ባለቤቱ እንዳስጻፈው ይቀመጣል። ይህን የፍላጎት ካርዱ ላይ ያስጻፈ ደንበኛ እምብዛም ስለማይኖር እኛው ራሳችን እንጠይቃለን።

ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ማለት የሚችል አንድ ሰው መድቡልን። በስክረም ፕሮዳክት ኦነር ይባላል። ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅበትም። ሥራውን ማወቅና የመወሰን ሥልጣን ግን ይኑረው። በየጥያቄው «ቆይ አለቃዬን ልጠይቅ» የሚል ከሆነ ሁለቱ ሳምንት በጥበቃ ያልቃል። ሁለተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡን። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩን እኛ አንነካም፤ እናንተ ናችሁ የምትነኩት። ካሸሯ፣ ስቶር ኪፐሩ፣ ሪሴፕሽኒስቷ ሞክረው ግራ የተጋቡበትን ቦታ እንጽፋለን። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚለው ምስጋና ደስ ይለናል፤ «ይሄ የት ነው ያለው?» የሚለው ግን የበለጠ ይጠቅመናል።

ክፍያውም በዚሁ መልክ ነው። የምትከፍሉት በየዙሩ ነው። «ታዲያ ማለቂያ የለውም ማለት ነው?» ላላችሁን፦ ጠቅላላ በጀቱን መጀመሪያ ላይ እንወስናለን። አዲስ ፍላጎት ከመጣ ተመጣጣኝ የሆነ ካርድ ወደ «ለአሁኑ ይቆይ» ይሄዳል። የቱ እንደሚሄድ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በየትኛውም ዙር መጨረሻ ላይ በቃኝ ብትሉ እስከዚያ የተሠራው ከነኮዱ የእናንተ ነው። በጨረታ የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች ሙሉ ሰነድ አስቀድሞ እንደሚያስፈልጋችሁ እናውቃለን። ለእናንተ ሰነዱን እናዘጋጃለን፤ በየፍላጎቱ ሥር ግን እነዚያን ሦስት መስመሮች እንጨምራለን። ሥራ ሲረከቡ ክርክር ይቀንሳል።

ሲስተማችሁ አልቆ ጥገና ላይ ላላችሁ ብዙ አይለወጥም። ጥያቄዎቻችሁ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ ይለጠፋሉ። ጃፓን ውስጥ ቶዮታ ፋብሪካ የተጀመረው ካንባን የሚባለው አሠራር ነው። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አንጀምርም፤ ከሦስቱ አንዱ ሳያልቅ ሌላ አይነሣም። ተራችሁ የት እንደደረሰ ደውላችሁ ብትጠይቁ ወዲያው እንነግራችኋለን።

አዲስ ሥራ የምትጀምሩ፣ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ምንም ነገር በኮምፒውተር አጽፋችሁ አትምጡ። ያለፈውን ሳምንት ደረሰኝ፣ የምትጠቀሙበትን ደብተርና በጣም ያስቸገራችሁን አንድ ደንበኛ ታሪክ ይዛችሁ ኑ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቢሮ አለን። ወጥታችሁ መምጣት ካልተመቻችሁ ደውሉልን፣ እኛ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ሥራ ቡድናችሁ
ባሕር ዳር