ካርታውን ሳላየው ብር እንዳትልኪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲሆን ያስቸግራታል፤ የላክሽላትን ቅባት እየተቀባች ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ እየሰማች የማልናገረው ነገር ስላለ ነው። እሁድ ከዕድር ስንወጣ የብሎካችን ሊቀመንበር "ልጅህ አብሮ አደጎቿ ባዶው ቦታ ላይ ለሚከፍቱት ዳቦ ቤት ከዱባይ ሦስት መቶ ሺህ ብር ልትልክ ነው አሉ፤ ትባረክ" አለኝ። እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ ከጎረቤት አፍ። ቅር አለኝ፤ ከቅሬታዬ ግን ፍርሃቴ በለጠ። የቦታውን የይዞታ ካርታ ሳላየው አንዲት ብር እንዳትልኪ።

ሐሳቡን ጠልቼ አይደለም። ከብሎካችን ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ታውቂዋለሽ፤ የሄድሽ ለት ሻንጣሽን የጎተትንበት ነው። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ፣ ሲመሽ ደግሞ ቆሻሻ ይደፋበታል። ሰዉ ግን ሲያየው የሚታየው ሌላ ነው። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ወፍጮ ቤት ይላሉ፤ እህላቸውን በባጃጅ ጭነው ነው የሚያስፈጩት። ሥራ የሚውሉት እናቶች የሕፃናት ማቆያ ይፈልጋሉ። ስኳር ያለባቸው ጎረቤታችን ፋርማሲ ቢከፈት ስለት አለብኝ ብለዋል። እናትሽ የምትለው ትኩስ ዳቦ ነው። በስብሰባው አንዲት ሴት ተነስታ "መኝታ ተሰጠን እንጂ ሠርተን የምንበላበት አልተሰጠንም" ስትል ሁሉም አጨበጨበ። እውነቷን ነው። ፈረንሳይ ሰፈር ሳለን ደጃፋችን ገበያችን ነበር፤ እንጀራው፣ ጉሊቱ፣ ጠላው እዚያው ይሸጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ለማን ትሸጫለሽ?

ግን ልጄ፣ ባዶ ቦታ ማለት ባለቤት የሌለው ቦታ ማለት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አያትሽ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ቤቶች አብረው ሄዱ። ታሪኩን ከእሳቸው ሰምተሻል፤ አልደግመውም። ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከመንግሥት የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 60 ዓመት ተብሎ ተቆርጧል። ዘመኑ በውል ላይ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ለተደራጁ ልጆች ሼድ ሲሰጥም ወረቀት አለው። "ቦታውን ለማስያዝ" ተብሎ ለደላላ የሚሰጥ ብር ግን ነገ ማን ተቀበለ ይባላል? አብሮ አደጎችሽን ሌባ አላልኩም። እነሱም እንደ እኔ ተስፋ አድርገው ነው።

እንደ እኔ ያልኩት በምክንያት ነው። በ1989 ዓ.ም.፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባዶ ቦታ ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የእንጨት ሥራ ልንከፍት ተነሳን። አንድ ሰው "አጥራችሁ ግቡ፣ ወረቀቱን እኔ አስጨርሳለሁ" አለን፤ አመንነው። የጎደለኝን ብር የሞላሁት የእናትሽን የወርቅ አምባር ሸጬ ነው። እናቷ በሠርጓ ቀን ያጠለቁላትን። ሳልነግራት ከሳጥን አውጥቼ። ሦስት ዓመት ሠራን፤ የሰፈሩ አልጋና ቁም ሣጥን ከእኛ ነበር የሚወጣው፣ ሥራ ፈት ልጆች ሙያ ተማሩበት። በ1992 ዶዘር መጣ። ወረቀት አምጡ ተባልን፤ የለንም። ያ ሰው ከሰፈር ጠፍቷል። እንጨቱን እንኳ በቅጡ ሳናወጣ ቤቱ ተናደ።

ማታ ስገባ እናትሽ አንቺን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች። አስታጠበችኝ፣ እራት አቀረበችልኝ። ስለ አምባሩ ትንፍሽ አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችው። አንቺን ያስተማረችው ከዚያ ወዲህ እንጀራ እየሸጠች ነው። እጇን ባየሁ ቁጥር ይቅርታው አፌ ድረስ መጥቶ ይመለሳል።

ሰው ቤት እያደርሽ፣ እንቅልፍሽን አጥተሽ ያጠራቀምሽው ብር ለእኔ ያ አምባር ነው። ስለዚህ ካርታውን ሳላየው አትልኪ። አትቆጪ፣ አታልቅሺ፤ ግን አትልኪ።

ሰኞ ከሊቀመንበሩ ጋር ወረዳ እሄዳለሁ። ቦታው ለንግድ ተይዞ እንደሆነ፣ ልጆቹም በስማቸው ተመዝግበው እንደሆነ በአፍ ሳይሆን በደብዳቤ እንዲመልሱልን እንጠይቃለን። ደግሞ መሃሉ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አይቻለሁ፤ መስመር የሚያልፍበት ከሆነ ቤት አይቆምበትም። ወረቀቱ ከተገኘ የዳቦ ቤቱን መደርደሪያ በእጄ እሠራልሻለሁ፤ መጋዝ መያዝ አልረሳሁም። እስከዚያ ደላላው ቢደውል ስልኩን አታንሺ። የባንክ ቁጥር ለማንም አትስጪ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ልጅ በርበሬና ሽሮ ይዛለች፤ ሽሮው እንዳይነቅዝ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።

ፖስታው ውስጥ ያለው ቀይ ክር የእናትሽ የእጅ ልክ ነው፤ ተኝታ ሳለች ለካኋት። እዚያ ወርቅ ቤት ሄደሽ በዚህ ልክ አምባር ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ። እንዳትገዢው፤ ከጡረታዬ ያስቀመጥኩት አለ። ለእሷም እንዳትነግሪያት።

አባትሽ